ጫፍ ላይ መቀመጥና የጫፍ መሆን፦ ፈንክሽናል ግሩፖች በሁለት የሚከፈሉበት ምክንያት

ፔንታን-2-ኦን በስሙ መሐል ቁጥር አለው፤ ፔንታናል ግን የለውም። ሁለቱም አምስት ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አላቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ኦክስጅኑ ከአንድ ካርቦን ጋር በድርብ ቦንድ (በሁለት የአቶም ትስስር) ተያይዟል። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ስም ኦክስጅኑ ስንተኛው ካርቦን ላይ እንዳለ ካልነገረን ጎደሎ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁጥር ሳይጠራ ቦታውን ያሳውቃል። የመጀመሪያው ኬቶን፣ ሁለተኛው አልዲሃይድ ከሚባለው ወገን ነው። ለፈተና የሚዘጋጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህን «ኬቶን ቁጥር ይወስዳል፣ አልዲሃይድ አይወስድም» ብሎ በቃሉ ይይዘዋል፤ ከዚያም የካርቦክሲሊክ አሲድን፣ የአማይድን፣ የናይትራይልን፣ የአልኮልንና የአሚንን ሕግ ለየብቻ ይሸመድዳል። ይህን ያህል መሸምደድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከዝርዝሩ ሁሉ ጀርባ ያለው ምክንያት አንድ ነው፤ እሱም ካርቦን የሚፈጥራቸው ቦንዶች አራት ብቻ መሆናቸው ነው።

ካርቦን በተለመዱት ኦርጋኒክ ውህዶች ውስጥ አራት ቦንድ ይፈጥራልና አራት እጅ አለው እንበል። አንድ ፈንክሽናል ግሩፕ፣ ማለትም ለውህዱ ጠባዩን የሚሰጠው የአቶሞች ስብስብ፣ የራሱ ካርቦን ካለው፣ ያ ካርቦን ከአራቱ እጆቹ ስንቱን በግሩፑ አባላት እንዳስያዘና ስንቱ ለካርቦኖቹ ሰንሰለት እንደተረፈው መቁጠር ነው። ሦስቱ ተይዘው አንድ ብቻ ከቀረ፣ ካርቦኑ ሊይዝ የሚችለው ሌላ ካርቦን አንድ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ጎረቤት ካርቦን ብቻ ያለው ደግሞ ወደደም ጠላም የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው። ተርሚናል ወይም የጫፍ ግሩፕ የሚባለው ይህ ነው። ሁለት እጅ ከተረፈው ግን በግራም በቀኝም ካርቦን ሊይዝ ስለሚችል ሰንሰለቱ በእሱ በኩል አልፎ ይቀጥላል፤ ይህ ኖን ተርሚናል፣ ማለትም የጫፍ ያልሆነ ግሩፕ ነው።

ቆጠራውን በአልዲሃይድ እንጀምር። የግሩፑ ካርቦን ሁለት እጁ በኦክስጅን፣ አንዱ በሃይድሮጅን ተይዟል፤ የቀረው አንድ ነው። በካርቦክሲሊክ አሲድ ሁለቱ በአንደኛው ኦክስጅን፣ አንዱ ደግሞ ሃይድሮጅን በተሸከመው በሌላኛው ኦክስጅን ተይዘዋል፤ አሁንም የቀረው አንድ ነው። በአማይድ የሁለተኛውን ኦክስጅን ቦታ ናይትሮጅን፣ በአሲድ ክሎራይድ ደግሞ ክሎሪን ይወስደዋል እንጂ ሒሳቡ አይለወጥም። ናይትራይል ሦስቱንም እጆቹን በሦስትዮሽ ቦንድ ለአንድ ናይትሮጅን አስረክቧል። ትንሽ የሚያደናግረው ኤስተር ነው፤ በሥዕል ሲታይ በሁለት የካርቦን ሰንሰለቶች መሐል የገባ ይመስላልና። ነገር ግን የኤስተሩ ካርቦን ራሱ የያዘው ካርቦን አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰንሰለት የተያያዘው ከኦክስጅኑ ጋር ነው። ስለዚህ ኤስተር በአሲዱ በኩል ሲታይ የጫፍ ግሩፕ ሲሆን ስሙም ይህንኑ ይከተላል። ኤቲል ቡታኖዌት ስንል «ኤቲል» ከአልኮሉ የመጣውን፣ «ቡታኖዌት» ከአሲዱ የመጣውን ሰንሰለት ይሰይማሉ፤ የቡታኖዌት አንደኛ ካርቦን የኤስተሩ ካርቦን መሆኑን የሚገልጽ ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም።

ኬቶን ላይ ስንደርስ ሒሳቡ ይለወጣል። ሁለት እጅ በኦክስጅን ሲያዝ ሁለት ይተርፋል፤ ኬቶን የሚያሰኘውም ሁለቱም ካርቦን መያዛቸው ነው። ከሁለቱ አንዱ በካርቦን ፈንታ ሃይድሮጅን ቢይዝ ሞለኪውሉ ኬቶንነቱ ይቀርና አልዲሃይድ ይሆናል። በፈተና ወረቀት ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው «ፔንታን-1-ኦን» የሚባል ውህድ የሌለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተማሪው ሊለው የፈለገው ፔንታናልን ነው። በአንጻሩ ኬቶን ሆኖም ቁጥር የማይጻፍበት ጊዜ አለ። ሦስት ካርቦን ባለው ፕሮፓኖን፣ በተለምዶ አሴቶን በምንለው፣ ኬቶኑ ከመሐሉ ካርቦን ውጪ መሄጃ የለውም፤ በቡታኖንም ከአንዱ ጫፍ ሲቆጠር 3 የሚሆነው ቦታ ከሌላው ጫፍ ሲቆጠር 2 ነው። ስለዚህ የቁጥር አለመኖር ብቻውን ግሩፑ የጫፍ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ኬቶን ቁጥር የሚያጣው አማራጭ ቦታ በማጣቱ ሲሆን፣ አልዲሃይድ ግን ሰንሰለቱ የቱንም ያህል ቢረዝም ቁጥር አያሻውም።

ከእነዚህ የሚለየው ሌላ ወገን የራሱ ካርቦን የሌለው ግሩፕ ነው። የአልኮል ኦኤች (ኦክስጅን ከነሃይድሮጅኑ)፣ የአሚን ናይትሮጅን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ሃይድሮጅንን ከካርቦን ላይ አስለቅቀው በቦታው መግባት ነው። ሃይድሮጅን ያለው ካርቦን ሁሉ ሊያስተናግዳቸው ስለሚችል ጫፍ ላይም መሐል ላይም ይገኛሉ፤ በመሆኑም የጫፍ ያልሆኑ ግሩፖች ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በፕሮፓን-1-ኦል ውስጥ ኦኤቹ የመጨረሻው ካርቦን ላይ ስላለ «ይህማ ተርሚናል ግሩፕ ነው» ይላል። ጫፍ ላይ መቀመጥና የጫፍ መሆን ግን ለየቅል ናቸው። ኦኤች በዚህ ሞለኪውል ጫፍ ላይ ተገኘ እንጂ ጫፍ ላይ ብቻ እንዲገኝ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ፕሮፓን-2-ኦል የሚባል ሌላ አልኮል በመኖሩም «1» ብሎ መጻፍ ግዴታ ይሆናል። ድርብና ሦስትዮሽ የካርቦን ቦንዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ቡት-1-ኢንና ቡት-2-ኢን ሁለት የተለያዩ ውህዶች ናቸው። መጻሕፍት «ተርሚናል አልካይን» የሚል አጠራር ስለሚጠቀሙ ነገሩ ይበልጥ ሊደበላለቅ ይችላል። እዚያ ላይ ቃሉ የሚገልጸው ሦስትዮሽ ቦንዱ በዚያ ሞለኪውል ውስጥ በአጋጣሚ ያለበትን ቦታ ነው። ቦታው የራሱ ውጤት አለው፤ ጫፉ ላይ የቀረው ሃይድሮጅን ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ የሚላቀቅ በመሆኑ የብር ናይትሬት የአሞኒያ ሙሙት ሲጨመርበት ዝቃጭ ይሰጣል። ሆኖም አልካይንን በጠቅላላው የጫፍ ግሩፕ አያሰኘውም።

ልዩነቱን አጉልተው የሚያሳዩ ሁለት ሞለኪውሎች እዚሁ ጅማ በየቤቱ ይገኛሉ። ከሂርማታ ገበያ ቅቤና ቡና ሸምቶ የተመለሰ ሰው ሁለቱንም ይዟቸው ገብቷል። የቅቤ ስብ የተዋቀረው ግሊሰሮል በሚባል፣ ሦስት ካርቦንና ሦስት ኦኤች ባለው አልኮል ላይ ነው፤ ይፋዊ ስሙ ፕሮፓን-1,2,3-ትራይኦል ነው። ሁለቱ ኦኤቾች በሁለቱ ጫፎች፣ ሦስተኛው መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ኦኤች ቦታ የማይመርጥ ግሩፕ ነውና አንድ ሰንሰለት ሦስቱንም ያለችግር ያስተናግዳቸዋል። ባልተቆላ ቡና ውስጥም ሎሚ ውስጥም ያለው ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ሦስት የካርቦክሲሊክ አሲድ ግሩፖች አሉት። እነዚህ የጫፍ ግሩፖች ናቸው፤ አንድ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያለው ጫፍ ግን ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛውን የት እናድርገው?

የስያሜው ሕግ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ሁለቱን አስገብቶ አንዱን ማስወጣት አይደለም፤ ሦስቱንም እኩል ከሰንሰለቱ ውጪ ያደርጋቸዋል። ሲትሪክ አሲድ በአጠቃላይ ስድስት ካርቦን ቢኖረውም ዋናው ሰንሰለት ሦስት ካርቦን ብቻ ያለው ፕሮፔን ይሆንና በሦስቱም ካርቦኖች ላይ አንድ አንድ የአሲድ ግሩፕ ከነካርቦኑ እንደተንጠለጠለ ይቆጠራል፤ ስሙም 2-ሃይድሮክሲፕሮፓን-1,2,3-ትራይካርቦክሲሊክ አሲድ ነው። «-ኦይክ አሲድ» የሚለው መጨረሻ የአሲዱን ካርቦን ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ ይቆጥራል፤ «-ካርቦክሲሊክ አሲድ» የሚለው ግን ለይቶ በውጭ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓይነት ስም ውስጥ ቁጥር መግባቱ የአሲዱ ግሩፕ የጫፍነት ጠባዩን ለውጧል ማለት አይደለም። ቁጥሮቹ የሚናገሩት ስለ ግሩፑ ካርቦን ሳይሆን ግሩፑን ስለተሸከመው ካርቦን ነው።

ስለ ቅቤ ከተነሣ አይቀር፣ ለጋ ቅቤ ውሎ አድሮ ሲበስል ሽታው የሚለወጥበት ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በግሊሰሮሉ ሦስት ኦኤቾች ላይ የተያያዙት ረጃጅምና አጫጭር አሲዶች ኤስተር ሆነው የታሰሩ ናቸው፤ ውኃና ኢንዛይም ኤስተሩን ሲበጥሱት አሲዶቹ ይለቀቃሉ። ከእነዚህ አንዱ አራት ካርቦን ያለው ቡታኖይክ አሲድ፣ በድሮ ስሙ ቡቲሪክ አሲድ፣ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሩል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለይቶ ያወጣው ከቅቤ ነበር። በስቡ ውስጥ ታስሮ ሳለ ብዙም አይሸትም፤ ሲለቀቅ ግን ጥቂቱም ቢሆን አፍንጫ ይደርሳል። በሳል ቅቤን ከለጋው አስበልጦ ለሚወድ ሰው ግን ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

የጫፍ ግሩፕ የመሆንና ያለመሆን ጉዳይ ስም አወጣጥ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ኬሚካዊ ለውጡም በዚያው ሒሳብ ይመራል። የጠጅ አልኮል ኤታኖል ነው። ኦኤቹን የተሸከመው ካርቦን አንድ ጎረቤት ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን አለው። ጠጁ አየር ሲያገኝ የኮምጣጤ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ኤታኖሉን ወደ ኤታናል፣ ማለትም ወደ አልዲሃይድ፣ ከዚያም ኤታናሉን ወደ ኤታኖይክ አሲድ ይለውጡታል፤ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው ይህ አሲድ ነው። ሁለት እርምጃ መሄድ የተቻለው በካርቦኑ ላይ የሚነሡ ሃይድሮጅኖች በመኖራቸው ነው። በፕሮፓን-2-ኦል ግን ኦኤቹን የተሸከመው ካርቦን ሁለት ጎረቤት ካርቦኖችና አንድ ሃይድሮጅን ብቻ አሉት፤ ኦክሲዴሽን የሚባለው ይህ ለውጥ አንድ እርምጃ ሄዶ ፕሮፓኖን ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ለማለፍ የካርቦንና የካርቦን ቦንድ መበጠስ ይኖርበታል። በ2-ሜቲልፕሮፓን-2-ኦል ደግሞ ጎረቤቶቹ ሦስት ሆነው ሃይድሮጅን ስለሌለው በተለመደው ሁኔታ መጀመሪያውኑ አይነቃነቅም። የጫፍ ግሩፕ ሊወለድ የሚችለው ጫፍ ላይ ካለ ካርቦን ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ ማጽጃ ካወጣቸው ሁለት ቀመሮች አንዱ 80 በመቶ ኤታኖል፣ ሌላው 75 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ማለትም ፕሮፓን-2-ኦል፣ የያዘ ነው። እጅ ላይ ሥራቸው ተመሳሳይ ቢሆንም ሰውነት ውስጥ ቢገቡ መንገዳቸው ይለያያል፤ ኤታኖል በጉበት በኩል ወደ አሲድ ሲለወጥ፣ ፕሮፓን-2-ኦል አሴቶን ሆኖ ብዙው በትንፋሽና በሽንት ይወጣል።

አሁን ወደ ማር እንምጣ፤ ይህን ርዕስ ለማስረዳት ከማር የተሻለ ነገር አላውቅም። የማር ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። ሁለቱም ስድስት ካርቦን፣ አሥራ ሁለት ሃይድሮጅንና ስድስት ኦክስጅን አላቸው፤ በአቶም ቆጠራ አይለያዩም። ሰንሰለታቸው ተዘርግቶ ሲሰየም ግን ግሉኮስ 2,3,4,5,6-ፔንታሃይድሮክሲሄክሳናል ሲሆን ፍሩክቶስ 1,3,4,5,6-ፔንታሃይድሮክሲሄክሳን-2-ኦን ነው። የግሉኮስ ስም በአልዲሃይድ መጨረሻ ያበቃል፤ አልዲሃይዱ ካርቦን 1 መሆኑ የታወቀ ስለሆነ አምስቱ ኦኤቾች ከ2 እስከ 6 ያሉትን ቦታዎች ይከፋፈላሉ። ፍሩክቶስ ኬቶን ነው፤ ኬቶን ደግሞ ጫፍ ላይ መሆን ስለማይችል 2ኛው ካርቦን ላይ ገብቷል፤ የተለቀቀችውን 1 ቁጥር ኦኤች ይዟታል። ስሙን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሞለኪውሉን መሣል ይችላል፤ የሚቀረው ኦኤቾቹ በየትኛው ጎን እንደሚቆሙ ማወቅ ነው፣ እሱ ግን ሌላ ትምህርት ነው። በውኃ ውስጥ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት ሠርተው እንደሚኖሩ፣ ተዘርግቶ የሚገኘው ግሉኮስም ከ1 በመቶ እጅግ ያነሰ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

አልዲሃይድና ኬቶን በቤተ ሙከራ ከሚለዩባቸው ዘዴዎች አንዱ የቤኔዲክት ሙከራ ነው። ሰማያዊው የመዳብ ሙሙት ከአልዲሃይዱ ጋር ሲሞቅ፣ አልዲሃይዱ ወደ አሲድነት ሲለወጥ መዳቡ የሸክላ ጡብ የሚመስል ቀይ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። መዳቡ አስቀድሞ በአልካሊው እንዳይዘቅጥ ይዞ የሚያቆየው ሶዲየም ሲትሬት ሲሆን፣ ይህም ቀደም ብለን ያየነው የሲትሪክ አሲድ ጨው ነው። ተራ ኬቶን፣ ለምሳሌ አሴቶን፣ ይህን ለውጥ አያመጣም፤ የግሩፑ ካርቦን አሲድ ለመሆን የሚለቀው ሃይድሮጅን የለውምና። ከዚህ ተነሥቶ ፍሩክቶስም ሰማያዊውን ቀለም እንዳለ ይተወዋል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው፤ ግምቱ ግን አይሠራም። ፍሩክቶስም ቀይ ዝቃጭ ይሰጣል። ምክንያቱ ሙሙቱ አልካሊ መሆኑ ነው፤ በአልካሊ ውስጥ ከኬቶኑ አጠገብ ያለው 1ኛው ካርቦን ሃይድሮጅን እያቀበለ ድርብ ቦንዱ ቦታ ስለሚቀያየር ፍሩክቶስ ከፊሉ አልዲሃይድ ወዳላቸው ስኳሮች፣ ወደ ግሉኮስና ማኖስ፣ ይዞራል። ከኬቶኑ ጎን ኦኤች የተሸከመ ካርቦን መኖሩ ነው ይህን የፈቀደው፤ አሴቶን ይህ የለውም። ስለዚህ ቀይ ቀለም ያየ ሰው «አልዲሃይድ አለ» ከማለቱ በፊት «ወይም በሙሙቱ ውስጥ አልዲሃይድ መሆን የሚችል ነገር አለ» ብሎ መጨመር ይኖርበታል። የገበያ ስኳር ብቻውን ቀዩን ቀለም የማይሰጥ መሆኑን የሰማ አንዳንድ ሰው ማር በስኳር መበረዙን በዚህ ሙከራ ልወቅ ይላል፤ ከንቱ ድካም ነው፤ የማሩ የራሱ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ቀለሙን ለመለወጥ ከበቂ በላይ ናቸው።

ማር ሲሞቅ ወይም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሌላ ትምህርት ያለበት ለውጥ ይመጣል። በተለይ ከፍሩክቶስ ሦስት የውኃ ሞለኪውሎች ይወጡና አራት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ያለው የፉራን ቀለበት ይፈጠራል፤ ከቀለበቱ ውጪ በአንድ ወገን አልዲሃይድ፣ በሌላው ወገን ኦኤች የተሸከመ ካርቦን ይንጠለጠላሉ። ስሙ 5-(ሃይድሮክሲሜቲል)ፉራን-2-ካርባልዲሃይድ ነው፤ በአጭሩ ኤችኤምኤፍ ይባላል። መጠኑ ማሩ ምን ያህል እንደሞቀና እንደቆየ ስለሚናገር ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለማር በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ከሞቃታማ አገሮች ለሚመጣ ማር ደግሞ 80 ሚሊግራም ጣሪያ አበጅቶለታል። በስሙ ውስጥ «ካርባልዲሃይድ» የሚለው መጨረሻ ከሲትሪክ አሲዱ «ካርቦክሲሊክ» ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ የአልዲሃይዱን ካርቦን ከቀለበቱ ውጪ ይቆጥራል። የካርቦን ቀለበት ጫፍ የለውም። እያንዳንዱ የቀለበት ካርቦን ቢያንስ ሁለት እጁን ለግራና ለቀኝ ጎረቤቱ ሰጥቷል፤ በዚያ ላይ ድርብ ኦክስጅን ቢጨመር አራቱም ይሞላሉ፣ ለአልዲሃይዱ ሃይድሮጅን ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ሳይክሎሄክሳኖን የሚባል ኬቶን ሲኖር «ሳይክሎሄክሳናል» የሚባል አልዲሃይድ የለም፤ ያለው ሳይክሎሄክሴን ካርባልዲሃይድ ነው፤ እሱም ሰባት ካርቦን አለው።

ኤችኤምኤፍ በአሲድ ውስጥ ይበልጥ ሲሞቅ ውኃ ወስዶ ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ካርቦን ያለው ሜታኖይክ አሲድና አምስት ካርቦን ያለው 4-ኦክሶፔንታኖይክ አሲድ ይሆናል። የሁለተኛው ስም ሊቆዩበት የሚገባ ነው። አንድ ሞለኪውል ሁለት ዓይነት ግሩፕ ሲኖረው ከፍ ያለ ደረጃ ያለው የስሙን መጨረሻ ይወስዳል፤ አሲድ ከአልዲሃይድ፣ አልዲሃይድ ከኬቶን፣ ኬቶን ከአልኮል፣ አልኮል ከአሚን ይቀድማል። የተሸነፈው ግሩፕ በስሙ መጀመሪያ ላይ ይጠቀሳል፤ ኬቶን ሲሸነፍ «ኦክሶ» ይባላል። አልዲሃይድም ካርቦኑ ከሰንሰለቱ ጋር የተቆጠረ ከሆነ ያው «ኦክሶ» ነው። ታዲያ 4-ኦክሶፔንታኖይክ አሲድና 5-ኦክሶፔንታኖይክ አሲድ በምን ይለያሉ? በአምስት ካርቦን ሰንሰለት ውስጥ 1ኛው አሲዱ ነው፤ 4ኛው ካርቦን ከግራም ከቀኝም ካርቦን ስላለው እዚያ ያለው ኦክሶ ኬቶን ነው። 5ኛው ግን ጫፍ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለ ኦክሶ ደግሞ አልዲሃይድ ከመሆን ውጪ ምርጫ የለውም። አንድ ቁጥር ብቻ በመለወጡ የውህዱ ቤተሰብ ተለወጠ። ፈተና አውጪዎች ይህን ጥያቄ ቢወዱት አልፈርድባቸውም።

የካርቦን አቆጣጠሩ ስሕተት ከሁሉ በላይ የሚበዛው በናይትራይል ላይ ነው። ቡታንናይትራይል ከናይትሮጅኑ ጋር የተያያዘውን ጨምሮ አራት ካርቦን አለው፤ ያው ውህድ በሌላ የአሰያየም ስልት ፕሮፒል ሳይናይድ ሲባል ሦስት ተቆጥሮ አንዱ በ«ሳይናይድ» ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ መቀላቀል ግን አይቻልም። የእነዚህ ሕጎች መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1892 ጄኔቫ ላይ ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰቡ ኬሚስቶች ባደረጉት ጉባኤ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ኅብረት፣ አይዩፓክ፣ እስከ ዛሬ ያሻሽላቸዋል። በቆየ መጽሐፍ 2-ፔንታኖን፣ በአዲሱ ፔንታን-2-ኦን ተጽፎ ያየ ተማሪ ሁለት ውህድ ናቸው ብሎ መጨነቅ የለበትም፤ አዲሱ አጻጻፍ ቁጥሩን ከሚመለከተው ግሩፕ ፊት ለፊት አስጠጋው እንጂ ሌላ ነገር አልነካም።

ቡናን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከባዱ ጥያቄ እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ቀላሉ ክፍል ኩዊኒክ አሲድ ነው፤ ስድስት ካርቦን ባለው ቀለበት ላይ አራት ኦኤቾችና አንድ ካርቦክሲሊክ አሲድ አሉት፤ ኦኤቾቹ ቀለበቱ ላይ በቀጥታ ሲቀመጡ አሲዱ ከነካርቦኑ ከቀለበቱ ውጪ ቆሟል፣ ስሙም «ሳይክሎሄክሴን ካርቦክሲሊክ አሲድ» በሚል ያበቃል። ይህ አሲድ በጥሬ ቡና ውስጥ ካፌይክ ከሚባል ሌላ አሲድ ጋር በኤስተር ተያይዞ ክሎሮጀኒክ አሲድ ይሆናል። የካፌይክ አሲዱ የጫፍ ካርቦን ከኩዊኒክ አሲዱ ኦኤቾች አንዱን ይዟል፤ ኩዊኒክ አሲዱ የራሱን የአሲድ ግሩፕ ነጻ አድርጎ አስቀርቷል። ቡናው ሲቆላ ከዚህ ክሎሮጀኒክ አሲድ ብዙው ይፈርሳል።

ካፌይን ግን በመጀመሪያ ሲታይ እስካሁን ያልነውን ሁሉ የሚቃወም ይመስላል። ጀርመናዊው ፍሪድሊብ ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ለይቶ ያወጣው ይህ ውህድ፣ አረቢካ ቡና ውስጥ ከደረቁ ፍሬ ክብደት 1.2 በመቶ ገደማ የሚሆነው፣ ሁለት ቀለበቶች የተጋጠሙበት ፒዩሪን የሚባል አካል አለው። በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ካርቦኖች ድርብ ኦክስጅን ተሸክመዋል፣ አጠገባቸውም ናይትሮጅን አለ፤ ይህ የአማይድ መልክ ነው። አማይድ የጫፍ ግሩፕ ከሆነና ቀለበት ጫፍ ከሌለው፣ አማይዱ ቀለበት ውስጥ እንዴት ገባ? የስሙ መጨረሻም «ፒዩሪን-2,6-ዳይኦን» ነው፤ የኬቶን መጨረሻ፣ ከነቁጥሩ።

እጆቹን ብንቆጥር ሕጉ አለመጣሱን እናገኛለን። ቁጥር 6 ካርቦን ሁለት እጁ በኦክስጅን፣ አንዱ በናይትሮጅን ተይዟል፤ የያዘው ካርቦን አንድ ብቻ፣ ቁጥር 5 ነው። ቁጥር 2 ካርቦን ደግሞ በኦክስጅንና በግራ ቀኝ በቆሙ ሁለት ናይትሮጅኖች ስለተያዘ ጎረቤት ካርቦን ጭራሽ የለውም፤ በዚህም የሽንት ኬሚካል ከሆነው ዩሪያ ጋር ይመሳሰላል። ቀለበቱ የተዘጋው በናይትሮጅኖቹ በኩል ነው፤ የካርቦን ሰንሰለቱ እዚያ ደርሶ ቆሟል። «ኦን» የሚለው መጨረሻ የተሰጠው ካርቦኖቹ የቀለበቱ አካል ሆነው ስለሚቆጠሩና ቦታቸው በቁጥር መነገር ስላለበት ነው እንጂ እንደ ኬቶን ሁለት ካርቦን ስለያዙ አይደለም። ካፌይንን በቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1902 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በፒዩሪኖችና በስኳሮች ላይ በሠራው ሥራ ነው፤ የግሉኮስና የፍሩክቶስን ኦኤቾች በየትኛው ጎን እንደሚቆሙ የለየውም እሱ ነበር።